ከአልጋው እስከ ነአኩቶ ለአብ ደጅ

ላሊበላ ሳምንት ያህል ከርሞ አንዱንም ውቅር ቤተ ክርስቲያን ሳያይ የተመለሰ ሰው አለ ቢሏችሁ፣ እኔ ነኝ። ከተመለስሁ ወዲህ ሐዋሳ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ቤተ ጊዮርጊስ እንደሚባለው ነው?» ይለኛል። «አላየሁትም» ስል የሚስቅም የሚያዝንልኝም አለ። እኔ ያየሁት የአንድ ሽማግሌ አልጋ፣ ከአልጋው እስከ ደጃፉ ያለውን ወለል፣ ከደጃፉም ወዲያ ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የሚወርደውን የእግር መንገድ ነው። ወደዚያ አገር ለመሄድ ዕድል ለማይገጥማቸው ወዳጆቼ ብዬ ከሰኞ እስከ ሰኞ የሆነውን ጻፍሁት።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። በአጭሩ የተኛን ማስነሣት፣ የተቀመጠን ማስሄድ ነው። የምሠራበት ክሊኒክ በቅርቡ ቪአር መነጽር የሚሉትን ዕቃ አገኘ። መነጽር ይባል እንጂ የሞተረኛ ሄልሜት ግማሽ ነው የሚመስለው። ዓይን ላይ ሲታሰር ያለህበት ክፍል ይጠፋና ሌላ ቦታ ቆመህ ራስህን ታገኛለህ። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰሩ ሁለት ትንንሽ መቁጠሪያዎች አሉት፤ እዚያው በቆምህበት እግርህን ባነሣህ ቁጥር በምስሉ ውስጥ ወደፊት ትራመዳለህ፤ ምስሉ በእኔ ስልክ ላይም ይታያል። ወድቆ የፈራ ሽማግሌ ሲሄድ የሚያየው እግሩን ብቻ ነው። እግሩን ሲያይ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ይንገዳገዳል። መነጽሩ ቀና ብሎ ሩቅ እንዲያይ ያደርገዋል። አንዳንድ አዛውንቶችን ጠቅሞልናል፤ ተአምር ግን አይደለም።

የጠራችኝ ሲስተር ዓለምነሽ ናት። የላሊበላ ልጅ ናት፤ ሐዋሳ ስትማር አስተምሬያታለሁ። በስልክ የነገረችኝ ይህን ነበር። መሪጌታ ይባቤ የሚባሉ ሰው አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነአኩቶ ለአብን በዜማ ያገለገሉ። በክረምቱ የገዛ ቤታቸው ደፍ ላይ አንሸራቷቸው ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፣ ቁስሉም ድኗል፤ ግን ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልቆሙም። ልጃቸው የሺ ስታነሣቸውና ስታስተኛቸው ወገቧ ተጎዳ። አዲስ አበባ ያለው ወንድ ልጃቸው ሙላት ደግሞ ቁርጥ ነገር ተናግሯል። እሑድ ይመጣል፤ አባቱ በምርኩዝ ብቻ ከአልጋቸው ተነሥተው ደጅ መውጣት ከቻሉ ይተዋቸዋል፣ ካልቻሉ ይዟቸው ይሄዳል። የሙላት ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሳቸው ሌት ተቀን የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ «ከደጁ አታርቁኝ»።

ሙላት ክፉ ልጅ እንዳይመስላችሁ። እኔም እናት ነበረችኝ። ወድቃ ከተቀመጠች በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። የሰው እናት አስነሥቼ አምሽቼ ስገባ፣ የራሴን እናት ከወንበር ወደ አልጋ የምትሸከም ሠራተኛ ቀጥሬላት ነበር። እንደ ተቀመጠች ሞተች። ስልኩን ዘግቼ ትኬት የቆረጥሁት ለመሪጌታ ብቻ ብዬ አልነበረም።

ሰኞ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ወጣሁ። ባቱ ላይ ለምሳ ወረድንና ዓሣ ጥብስ በላሁ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ እኛ አካባቢ ግን ዓሣ ሲቀርብ አብዛኛው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል፣ እኔም እንዲሁ። ያን ቀን አዲስ አበባ አደርሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ኤርፖርት ላይ መነጽሩ አስቆመኝ። ፈታሿ ከሻንጣዬ አውጥታ አገላበጠችውና «ይሄ ለዋና ነው?» አለችኝ። ለሽማግሌ መሄጃ ነው አልኋት። አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋ ሌላ አለቃ ጠራ። ሦስተኛው አለቃ ዓይኑ ላይ አስሮ አንድ ደቂቃ ያህል ከቆመ በኋላ «እዚህ ውስጥ ባሕር አለ» ብሎ አሳለፈኝ። በየብስ ብሄድ ይህ ሁሉ አይገጥመኝም ነበር፤ ግን መንገዱ ያን ሰሞን አስተማማኝ አልነበረም።

የላስታ ምድር ከአውሮፕላን ሲታይ የታጠፈ ጋቢ ይመስላል፤ እጥፋት በእጥፋት ነው። ለጥ ካለ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ያስፈራል። እዚያ አገር ሽማግሌ ወድቆ አለመነሣቱ ሳይሆን ጎልማሳው ቆሞ መሄዱ ነው የገረመኝ። ዓለምነሽ በሚኒባስ ጠበቀችኝ። ወደ ከተማው ስንወጣ በመስኮቱ ወደ ታች አመለከተችኝና «ነአኩቶ ለአብ እዚያ ገደሉ ሥር ነው። የመሪጌታ ቤት ደግሞ ከበላዩ» አለች። ያየሁት ግራርና ጭስ ብቻ ነበር።

ያረፍሁበት ሆቴል ባለቤት ደግ ወይዘሮ ናቸው፤ የእኔ አፍ ነው ችግሩ። እራት ሲጠይቁኝ ዓሣ አለ ወይ አልሁ።

«ዓሣ?» አሉ ቀና ብለው። «ጌታየ፣ እኛ አገር ዓሣ እሚዋኘው ሥዕል ላይ ነው። ያውም በጾም!»

ሽሮና የተልባ ፍትፍት አቀረቡልኝ። ብርዱ እግሬን ሲያንቀጠቅጠኝ አይተው በላስቲክ ሳፋ የሞቀ ውሃ ይዘው መጡና «እግርዎን ይንከሩ» አሉኝ። በሰው እግር ስኖር የእኔን እግር ያሰበልኝ ሰው ካየሁ ቆይቷል።

ረቡዕ ወደ መሪጌታ ቤት ወረድን። ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ክብ ቤት ነው፤ ከበሩ እስከ ጠፍር አልጋው ዘጠኝ እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው ከጋቢው ሥር ሲታይ ቀጭን ነው። ከራስጌያቸው መቋሚያቸው ተሰቅሏል፤ በማኅሌት ጊዜ ቆመው ሲያድሩ የሚደገፉበት ዘንግ ነው፣ እጃቸው የሚይዝበት ቦታ አብረቅርቋል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደር የለመደ ሰው መቀመጥ እንዴት እንደሚከብደው ያ ዘንግ ነገረኝ።

«ዶክተሩ አንተ ነህ?» አሉኝ።

ዶክተር እንዳልሆንሁ ነገርኋቸው።

«ይሁን። የሺን ነው እምታክማት፤ ወገቧን ያመማት እሷ ናት። እኔ ተቀምጨ ነው ያለሁት።»

የሺ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከበሩ አጠገብ ቆማ «አባየ፣ ይተዉ እንጂ» አለች። እንደዚያ ስትል እጇ ወገቧ ላይ ነበር።

ጎረቤታቸው ከአልጋው አጠገብ አራት ቋሚ ተክሎ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ጎን ለጎን አሰረልን፤ በመካከላቸው ሰው ቆሞ ግራና ቀኝ እንዲይዝ። ወገባቸው ላይ ቀበቶ አሰርሁና እኔ ከኋላ፣ ዓለምነሽ ከጎን ሆነን አቆምናቸው። መነጽሩን አጠለቅሁላቸው። መሣሪያው ይዟቸው ከመጡት መንገዶች አንዱ ጥድ በጥድ የሆነ የሰው አገር ጫካ ነው፤ በሐዋሳ ሁሉም ይወደዋል። መሪጌታ ግራና ቀኝ አዩ። እግራቸውን አላነሡም።

«ይሄ የማን አገር ነው?»

«ጫካ ነው፣ መሪጌታ። እንዲሁ ለመሄጃ ነው።»

«ሰውም የለበት፣ ደጅም የለበት። ወዴት ነው እምሄደው?»

ለታካሚ ሁሉ የምላትን ተረት አወጣሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኋቸው።

«እንቁላሉም ቢሆን መድረሻውን ሳያውቅ አይነሣም» አሉና መነጽሩን አወለቁት።

ገና ሳይቀመጡ ፊታቸው ነጣ፤ ጉልበታቸው ተልፈሰፈሰ። አቅፌ አስቀመጥኋቸው። መቼ እንደበሉ ስጠይቅ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከጾሙ በኋላ አለችኝ የሺ። ተቆጣሁ። በባዶ ሆድ ማንም ደካማ ሰው እንደማላቆም፣ ጠዋት ጠዋት ሳይበሉ እንደማልነካቸው ተናገርሁ። ዓለምነሽ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደች፤ እሳቸውም ለሕመምተኛ ይገባል ብለው ፈቀዱ። መሪጌታ «እሽ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሙያዬ ትክክል ነበርሁ፤ ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበርሁ እላለሁ።

ወደ ከተማ ስንመለስ ዓለምነሽ «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው» አለችኝ። «የራሳቸውን መንገድ ለምን አንቀርጽላቸውም?» ከመሣሪያው ጋር ዙሪያ ገባውን የሚቀርጽ ክብ ካሜራ ነበር። አስቤው አላውቅም ነበር፤ መምህሯ ግን እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮዋ ያቀረቡልኝን የጾም ፍርፍር ግጥም አድርጌ በልቼ ወረድሁ። ካሜራውን በእንጨት ጫፍ ላይ አስሬ፣ በመሪጌታ ቁመት ልክ ይዤ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ጀመርሁ። ለእኔ መንገዱ ዐሥር ደቂቃ ነው። ምስሉ ግን በሽማግሌ እርምጃ መሆን አለበት። አንድ እግር አነሣለሁ፣ አሳርፋለሁ፣ እቆማለሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ እናቴን አሰብሁ። ከእሷ ጋር እንዲህ ተራምጄ አላውቅም፤ «ነይ ቶሎ» ነበር የምላት። ካሜራው እኔንም ጭምር ይቀርጻልና ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ አለቀስሁ።

በመንገዱ ላይ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩ። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ መሪጌታ በዚህ ውስጥ ሆነው መንገዱን እንደሚያዩ ነገርኋቸው። እንግዲህ እዚህ ላይ የሆነውን ሐዋሳ ላይ ስናገር የሚያምነኝ የለም። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጣሉና ቆባቸውን አውልቀው ለካሜራው እጅ ነሡ።

«መሪጌታ እንዴት ሰነበቱ? እግዜር ይማርዎ! የእኛ ማሳ ደርሷል፣ የእርስዎንም እናጭድልዎታለን፣ አያስቡ!»

አንዲት አሮጊት ከቤታቸው አጥር ወጥተው «መሪጌታ፣ ድምፅዎ ናፈቀን» አሉና ለካሜራው እፍኝ ቆሎ ዘረጉ። ካሜራው አልቀበል ሲል ለእኔ ሰጡኝ። ታች እስከምደርስ ኪሴ ሞላ። እኛ ሰፈር መንገድ ላይ ካሜራ የደቀነ ሰው የሚገጥመው «አጥፋው!» የሚል ጩኸት ነው።

ከገደሉ ሥር ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ዋሻው እንደ ዣንጥላ ከላይ ከልሎታል። ደጁ ላይ አንድ ካህን አገኘሁ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ «ለመሪጌታ ከሆነማ ይግባ» አሉ። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ግን፣

«እህል ቀምሰሃል?» አሉኝ።

«አዎ» አልሁ።

«እንግዲያስ ዕቃውን ስጠኝ።»

ካሜራውን ተቀብለው፣ ተሳልመው፣ በቀስታ ይዘውት ገቡ። እኔ ውጭ ቀረሁ። ከውስጥ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ያ ውሃ ከሥሩ ባሉ ጎድጓዳ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ጠበል ነው፣ የመጣ ሰው ሁሉ ፊቱን ያብስበታል። ከደጅ ሆኜ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቆሎ እየቆረጠምሁ ጠበቅሁ።

ያን ዕለት መብራት ስለጠፋ መነጽሩን ቻርጅ ማድረግ ቸገረኝ። የሆቴሉ ባለቤት ለእኔ አንድ ዕቃ ብለው ጄኔሬተር አስነሡ። ምስጋናዬን ስጀምር «ለመሪጌታ ነው» ብለው አቋረጡኝ።

ዓርብ መሪጌታ ቁርሳቸውን በልተው ጠበቁኝ። የሺ በሶ በጥብጣ እንደሰጠቻቸው ነገረችኝ። አቆምናቸው፤ አጣናዎቹን ያዙ፤ መነጽሩን አጠለቅሁላቸው።

«የሺ፣ ደጃችን ነው» አሉ።

እግራቸው ተነሣ። ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጎትተው። አጫጆቹ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙና ለእያንዳንዱ በየስሙ መለሱ፤ እንዴት ከረማችሁ፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ የልጅህ እግር ተሻለው፣ እያሉ። መቁጠሪያው ቆሙ ይላል፤ እኔ ደግሞ ይህን ሰላምታ ማቋረጥ እንደማይቻል ገባኝ። አሮጊቷ ቆሎ ሲዘረጉ መሪጌታ ከአጣናው አንድ እጃቸውን ለቀው ተቀበሉ። አንድ እጃቸውን ለቀቁ! ዓለምነሽ አየችኝ፣ አየኋት።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይግቡ መሪጌታ፣ ጥቂት ነው የቀረዎት» አልሁ። እግራቸው ተተክሏል። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆይተው «አውልቁልኝ» አሉ። ከሰዓት በኋላም ደገምን፤ እዚያው ቦታ ቆሙ። ማስታወሻዬ ላይ «አቅማቸው እዚህ ያበቃል» ብዬ ጻፍሁ። ያቺ ዐረፍተ ነገር ዛሬም ደብተሬ ላይ አለች፤ ሆን ብዬ ሳልሰርዛት ትቻታለሁ።

ቅዳሜ እንደገና እዚያው ቆሙ። ሙላት ነገ ነው የሚመጣው። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ይህን የመጨረሻ ርቀት በመነጽሩ ካልጨረሱ ያለ መነጽር ከአልጋ እስከ ደፍ አይደርሱም። ደፉ ደግሞ የወደቁበት ቦታ ነው። ድምፄ ከፍ አለ።

«መሪጌታ፣ ይህ እኮ ምስል ነው! አይወድቁም፣ ይዤዎታለሁ! ነገ ልጅዎ ሲመጣ ምን ልበለው? ጥቂት እርምጃ ነው፣ ይግቡ!»

መሪጌታ መነጽሩን ራሳቸው አወለቁና አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ወደ ውጭ ወጣሁ። የሺ ተከትላኝ ወጣች፤ ነጠላዋን እያጣፋች ጥቂት አመነታች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ። አባየ እንግዳ አላሳፍርም ብለው አልነገሩዎትም እንጂ ደክሟቸው አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እህል ቀምሰው እንዴት አድርገው ይገባሉ?»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሐሙስ ዕለት እህል ቀምሻለሁ ብል ካህኑ ከዚያው ደጅ እኔን ራሴን መልሰውኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት እንዲበሉ ያዘዝሁ እኔ፣ በልተው እንዲገቡ የጮህሁ እኔ። ለሁለት ቀን አንድ ሽማግሌ ማድረግ እንደሚገባቸው ደጁ ላይ ቆመው ነበር፤ እኔ ደግሞ አቅም አነሳቸው ብዬ መዘገብሁ።

ተመልሼ ገባሁና እግራቸው ሥር ቁጢጥ አልሁ። ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። ግን ደግሞ አፌ አያርፍምና «በምስል ውስጥም ጾም አለ እንዴ፣ መሪጌታ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ። «ልጀ፣ ደጁን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ደጁን ካየሁ በኋላ ሥዕል ነው ብየ ልለፈው?»

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ቸገረኝ። ሳይበሉ ባቆማቸው እንደ ረቡዕ ሊዝሉ ይችላሉ። በልተው ካቆምኋቸው አይገቡም። ከዓለምነሽ ጋር ተመካከርን፤ እሑድ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ በፊት አይበላም፤ ማታ ደኅና አድርገው በልተው፣ ጠጥተው፣ ሲነጋጋ ገና ከእንቅልፍ እንደተነሡ ብንሞክር ድካሙ አይጠናባቸውም። አጭር ይሆናል፤ ፊታቸው ከነጣ ወዲያው እናቆማለን። የሺ ማታ የራሷን ራት ትታ የእሳቸውን ገበታ ስትጠብቅ አመሸች።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ደረስን። እኔም ቁርስ አልበላሁም። ማንም አላዘዘኝም። ከገደሉ ሥር የእውነተኛው ቅዳሴ ድምፅ ሽቅብ ይመጣል። መሪጌታን አቆምናቸው። መንገዱን ወረዱ፣ ሰላምታውን መለሱ፣ ቆሎውን ተቀበሉ። ደጁ ላይ ደረሱና ቆሙ። ቀበቶውን ይዤ ጠበቅሁ።

«የሺ፣ ጫማየን» አሉ።

የሺ ጎንበስ ብላ ወገቧን እየያዘች የላስቲክ ጫማቸውን አወለቀችላቸው። በባዶ እግራቸው ገቡ። ካህኑ ካሜራውን እንዴት በቀስታ ይዘውት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ምስሉ አይንገጫገጭም ነበር። መሪጌታ አጣናውን አንድ በአንድ ለቀቁ። «መቋሚያየን» አሉ፤ ዓለምነሽ ከተሰቀለበት አውርዳ አስጨበጠቻቸው። ቀበቶውን ይዤ ከኋላ ነበርሁ፤ አልከበደኝም። በሁለት እግራቸውና በመቋሚያቸው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዜማውን ግን ወደ ውስጥ ነበር የሚያዜሙት።

ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው። የውሃው ጠብታ ድምፅ ከመነጽሩ ይሰማ ነበር። እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ፤ መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው አመጡት፤ ሊያብሱት። ደረቅ ነበር።

ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት። «ጠበሉን አላመጣኸውም» አሉኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር። በሙያዬ ካገኘኋቸው ቃሎች ሁሉ የከበደኝ ያ ነው። የሰው ልጅ መንገዱን ሊሰጥህ ይችላል፤ ውሃውን ግን ራስህ ሄደህ ነው የምትቀዳው።

ሙላት እኩለ ቀን ሳይሆን ደረሰ። የከተማ ሰው ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል። አባቱን ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠና ለማክሰኞ የሁለት ሰው ትኬት እንደያዘ ነገራቸው። «አባቴ፣ የሺም ሰው ናት። ወገቧ ሲቀር ማን ሊያነሣዎት ነው?» አለ። እውነቱን ነው።

መሪጌታ በልተዋል፣ አርፈዋል። መቋሚያቸውን አነሡ። ልያዛቸው ብዬ ስነሣ በዘንጉ ጫፍ መለሱኝ። መጀመሪያ ሲነሡ ወደ ኋላ ተመልሰው ተቀመጡ። ሙላት ተነሣ፤ የሺ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ሁለተኛ ሲነሡ ቆሙ። ዘጠኝ እርምጃ። እግራቸውን አላዩም፤ የሚያዩት በበሩ የሚገባውን ብርሃን ነበር። አንድ፣ ሁለት... ግንባራቸው አላበው። ሰባተኛው ላይ ተንገዳገዱና ምሰሶውን ያዙ፤ ለቀቁት። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

የወደቁበት ቦታ ነው። እግራቸው ተተከለ፤ ልክ እንደ ዓርብ፣ ልክ እንደ ቅዳሜ። ሙላት «በቃ፣ በቃ አባቴ» አለ። እኔ ያን ጊዜ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ መሪጌታ ይባቤ ሲቆሙ ደክሟቸው ነው ብሎ አለመፍረድ ነው። እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ጠበቅን። ምን ያህል እንደጠበቅን አላውቅም፤ ረጅም ነበር። ከዚያ በቀኝ እጃቸው መቃኑን ዳሰሱ፣ አማተቡና ቀኝ እግራቸውን ከደፉ ወዲያ አሳረፉ።

ከውጭ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ገደሉ ቁልቁል አዩ። ሙላት ከኋላቸው መጥቶ ትከሻቸው ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። መሪጌታ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ሙላት፣ እዚያ ከፍ ያለ ቤትህ ስንት ደረጃ አለው?» አሉት።

«ብዙ ነው አባቴ።»

«እንኳን ቀረብኝ» አሉ።

ሰኞ እኔ ወደ ኤርፖርት ስወርድ ሙላት የአባቱን ትኬት ሊያሰርዝ ከእኔ ጋር በሚኒባሱ ተሳፍሮ ነበር። የሺን አባታቸውን በማንሣት የምታግዛት ሴት እየፈለገ ነው። አጣናዎቹን እንዳይነቅሏቸው ለጎረቤታቸው ተናግሬያለሁ። መነጽሩን ለዓለምነሽ ትቼላት መጣሁ፤ ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ምንም የሚያስገርም ነገር አላገኘበትም።

ሐዋሳ ከገባሁ ከወራት በኋላ፣ ዓለምነሽ ለሥልጠና መጥታ ክሊኒኩ ድረስ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣችልኝ። መሪጌታ በየሺና በአንድ አጫጅ ታጅበው፣ ሳይበሉ፣ ሊነጋጋ ሲል ከቤታቸው ወጥተው ነበር። ዐሥር ደቂቃ የሚያስኬደው መንገድ ጠዋቱን በሙሉ ወሰደባቸው። ገብተዋል። አንድ ጊዜ ነው የሄዱት፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋቸው እስከ ድንጋዩ ብቻ ነው የሚሄዱት፣ ሊሄዱ የሚችሉትም ያን ያህል ነው። ጠርሙሱን ከጎድጓዳው ድንጋይ በእጃቸው ሞልተው ለእኔ ላኩት።

ዓለምነሽ ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አቆመችና የተላከችውን ቃል ነገረችኝ።

«‹ለዚያ ለመነጽሩ ልጅ ስጡልኝ› ብለዋል። ‹ይሄኛው እርጥብ ነው በሉት፤ ግን እህል ሳይቀምስ ነው።›»

ሰዓቱ አምስት ሰዓት ነበር፤ ቁርሴን በልቻለሁ። ጠርሙሱን ሳልከፍት ለማግሥቱ ጠዋት አስቀመጥሁት።